የችሎት ቀን ቁርስ

ጎረቤታችን ራትቦድ የአገረ ገዢው ችሎት ዳኛ ሆኖ ከተመረጠ ወዲህ ባሌ ኤርሜኖልድ በቅናት ድብን ብሏል። «አጥሩን እንኳ አጥሮ የማያውቅ ሰው፣ ከእኔ በምን ይበልጣል?» ሲል ይውላል።

ንጉሣችን ለፍራንኮች ምድር ሁሉ ባወጣው አዋጅ፣ ዳኛም ሆነ ምስክር ችሎት የሚቀርበው በባዶ ሆዱ ነው። ታዲያ ባሌ በችሎቱ ዕለት በማለዳ የአሳማ ጥብስ አስጠብሶኝ፣ እሱን ይዞ ራትቦድን ቁርስ ሊጋብዝ ቤቱ ሄደ፤ እንዳይጠረጠርም አብሮት በላ።

ችሎቱ ሲጀመር ብድግ ብሎ «ጌታዬ፣ ይህ ዳኛ በልቶ ነው የመጣው!» አለ።

«በምን አወቅህ?» አሉት አገረ ገዢው።

«አብረን በልተን ነዋ!»

«እንግዲያው ምስክርነትህ አይሰማም። ተቀመጥ!»

ራትቦድ ጮማውን ከጢሙ ላይ ጠራርጎ ዳኝነቱን ቀጠለ።

ወይ የእኔ ባል! ሰው በባዶ ሆዱ መቅናት እንኳ ያቅተዋል?