«መምህር፣ ዲስኩ የታለ?»

ይህ የገጠመኝ አምና፣ ዩኒቨርሲቲ ገና በገባሁበት ዓመት ነው። ግቢ ውስጥ እስከ ዛሬ «ክዳኗ» እያሉ ስለሚጠሩኝ ልርሳው ብልም አልረሳውም።

የሽንፋ ልጅ ነኝ። አባቴ ሰሊጥና ማሽላ ያርሳል። የደረሰኝ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ትልቅ ከተማ መሀል ያለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። አጥሩ ሥር የታክሲ ረዳት ይጮሃል፤ ውስጡ ሕንፃ ብቻ ነው፤ ምርምር የማይደረግበት ነገር የለም። የኛው ሰሊጥ በትንንሽ ብልቃጥ ተቀምጦ ቁጥር ተለጥፎበት ሳየው ዘመድ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። ስፖርቱማ አይወራ! የመሮጫ መሙ፣ ጂምናዚየሙ፣ የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ሲደርስ ማልያ የማይለብስ ተማሪ የለም።

አንድ ቀን ለምርምር የመጣ የማሽላ ዘር ከመኪና ሲወርድ ወንዶቹ አንዱን ጆንያ ለሁለት ይዘው ያቃስታሉ። ትዕግሥቴ አለቀና አንዱን ብቻዬን ትከሻዬ ላይ ጣልኩት። የአትሌቲክስ አሠልጣኙ በዚያ ሲያልፍ አየኝ። «አንቺ ለውርወራ ነው የተፈጠርሽው!» ብሎ ስልክ ቁጥሬን ተቀበለኝ።

ለሴሚስተር እረፍት ሽንፋ እንደገባሁ ደወለልኝ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። «ዲስከስ ውርወራ ተለማመጂ። ስትመለሺ ማጣሪያ አለ፤ ለውድድሩ የምወስደው አንድ ሰው ብቻ ነው» አለኝ። እኔ የሰማሁት «ዲስክ» የሚል ነው።

በኛ አገር ዲስክ ምን እንደሆነ ሕፃን ይነግራችኋል። ትራክተር ከኋላው የሚጎትተው፣ መሬቱን የሚገለብጠው ክብ የማረሻ ብረት ነው። «ጉድ እኮ ነው፣ እሱን ነው የሚወረውሩት?» ብዬ ተገረምኩ እንጂ አልተጠራጠርኩም። ዩኒቨርሲቲ አይደል እንዴ፣ ምን ይሳነዋል!

ለትራክተር ኦፕሬተሩ ለአብዱ ነገርኩት። «ወላሂ፣ እኔ በሁለት እጄም አቅቶኛል» እያለ ጠርዟ ተበልቶ የተጣለች ትንሽ ዲስክ ሰጠኝ። ሰሊጡ ተነሥቶ ባዶ በቀረው ማሳ ላይ ጧት ጧት እወረውር ጀመር። መጀመሪያ ቀን እግሬ ሥር ዱብ አለች። ክንዴ ብቻውን እንደማይችላት ሲገባኝ ከወገቤ ዞሬ፣ መላ ሰውነቴን አስከትዬ መልቀቅ ለመድኩ።

ሰው ሳቀብኝ። አያ ሙላት የሚባሉ ጎረቤታችን ገበያ መሀል አባቴን «ልጅህ ተምራ ተምራ ማረሻ ትወረውራለች አሉ። ኧረ ጠበል ውሰዳት!» አሉት። አባቴ እንዲህ ያለ ቀልድ አይችልም። እየተብከነከነ መጣ።

«አንች ልጅ፣ አንገቴን አስደፋሽኝ» አለኝ። «ከተመረጥሽ ደውይልኝ። ካልሆነ ግን ይችን ብረት ዳግም እንዳላያት፤ ደብተርሽን ብቻ ያዥ።»

እሺ አልኩ፤ ወደ ግቢ ስመለስም ዲስኳን ለአብዱ መለስኩለት። በሆዴ ግን ሞቼ እገኛለሁ እንጂ ሳልመረጥ አልቀርም አልኩ።

የማጣሪያው ቀን አምስት ሴቶች ቀረብን። ሦስት ሦስት ሙከራ ተሰጠን። ተራዬ ሲደርስ አሠልጣኙ የድስት ክዳን የምታህል ነገር መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ገልብጬ አየኋት። ክብደት የላትም በሉት።

«መምህር፣ ክዳኑስ ደረሰኝ፤ ዲስኩ የታለ?»

«የምን ዲስክ?»

«የትራክተሩ ነዋ!»

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። አሠልጣኙ ሆዱን ይዞ ቁጭ አለ። አፈርኩ፤ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። በንዴት ስወረውራት ከመስመር ወጥታ መወርወሪያውን ከከበበው የሽቦ አጥር ጋር ተጋጨች። ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። ስለምትቀለኝ ገና ዞሬ ሳልጨርስ ከእጄ ታመልጣለች። አንድ ሙከራ ብቻ ቀረኝ። የአባየ ፊት ድቅን አለብኝ።

ዐይኔን ጨፈንኩና ለእጄ «ይች የአብዱ ዲስክ ናት፤ ከባድ ናት» አልኩት። ማሳው ላይ እንደማደርገው እግሬን ተከልኩ፣ ከወገቤ ቀስ ብዬ ዞርኩ፣ ለቀቅኳት።

እሰይ! ሄደች፣ ሄደች! ሜትር የያዙት ሰውዬ ቀና ብለው እያዩ ወደ ኋላ ሮጡ። ርቀት ከሚያሳዩት ባንዲራዎች ሁሉ አልፋ ሣሩ ላይ ወደቀች። የሳቀብኝ ሁሉ ጮኸ። አብራኝ የተወዳደረች ልጅ አቅፋ ብድግ አደረገችኝ። አሠልጣኙ «ተመርጠሻል! በይ ያችን የትራክተር ዲስክ ለሁላችንም አምጪልን» አለኝ።

ለአባየ ደወልኩ። «ተመረጥኩ! የነሱ ዲስክ እኮ ክዳን ናት!» ብዬ ጮህኩ።

«ቆይ» አለኝ፤ «አብዱ ያችን ብረት ለቆራሌው ሳይሰጣት ልድረስበት።» ስልኩን ዘጋው።

ዛሬ ግቢ ውስጥ «ክዳኗ!» ሲሉኝ ደረቴን ነፍቼ «አቤት!» እላለሁ። ደስ ይለኛላ! ዲስኳ ደግሞ ሽንፋ፣ ቤታችን በር ላይ ተደግፋ ተቀምጣለች። አባየ እንግዳ ሲመጣ ገና ሳያስቀምጠው «እስቲ ይችን በአንድ እጅ አንሣት» ይለዋል።

ባለፈው አያ ሙላት መጡ አሉ። ሁለቴ ሞከሩ፣ አቃታቸው። ይኸን ጊዜ አባየ ምን ቢላቸው ጥሩ ነው?

«ሙላት፣ ጠበል እንውሰድህ እንዴ?»