አባዬ እና አንደኛው መስመር

ባለፈው ቅዳሜ ሮመን ሰፈር ካለው ከወላጆቼ ቤት ልወጣ ዕቃዬን ስሰበስብ፣ ምድር ቤት ባለችው ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ፣ ከክረምት ጎማዎቹ ጀርባ፣ ቢጫ የጆሮ መከላከያ አገኘሁ። የሞተር ጩኸት የልጅ ጆሮ እንዳይጎዳ የሚደረገው፣ ትልቅ ሄድፎን የሚመስለው ነው። ስፖንጁ ላይ የደረቀ ጭቃ አሁንም አለ። አፍንጫዬን አስጠጋሁት። የቤንዚኑ ሽታ ከጠፋ ቆይቷል፣ እኔን ግን ሸተተኝ። ራሴ ላይ ላጠልቀው ብሞክር እምቢ አለኝና አንገቴ ላይ አንጠልጥዬው ካርቶኖቼን መሸከም ጀመርኩ።

የአስር ዓመት ሴት ልጅ ነበርኩ። አባዬ ሴንትሩም፣ መሃል ከተማው ውስጥ፣ ቢሮ ያጸዳ ነበር። አዲስ አበባ ሳለ ግን ጋራዥ ውስጥ ነው ያደገው፤ መኪና ሲነሳ ድምፁን ሰምቶ ምኑን እንዳመመው ይናገራል። የሕንፃው ጥገና ሠራተኛ ኦድቫር የሚባል ኖርዌጂያዊ ነበር፣ እሱም አንዲት አሮጌ ቀይ የመወዳደሪያ መኪና ነበረችው። የመወዳደሪያ ስላት ደግሞ የሚያብረቀርቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከመንገድ የተባረሩ ተራ የቤት መኪኖች፣ ወንበራቸውና መስታወታቸው ወጥቶ፣ ውስጣቸው በብረት ቱቦ ታጥሮ፣ ጭቃና ጠጠር ላይ እየተጋፉ የሚሽቀዳደሙበት ውድድር ነው። በዚያ ዓመት ኦድቫርን ወገቡን አመመውና መሪውን ለአባዬ ሰጠው። አባዬም የውድድር ነጂዎችን ኮርስ ወስዶ ፈተናውን አለፈ። እማዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲኬየም፣ የአረጋውያን መጦሪያው ውስጥ ስለምትሠራ እኔን የሚይዘኝ ሰው አልነበረም፤ አብሬው ሄድኩ። ጭቃ ይዛችሁ ቤቴ እንዳትገቡ ብላ፣ ጸልያልን፣ ወደ ሥራዋ ሄደች።

አባዬ አንድ አመል ነበረበት። ሰው ያስቀድማል። ስቶቭነር ገበያ ማዕከል በር ላይ አንዲት ሴትዮ ላሳልፍ ብሎ በሩን ከያዘ፣ ሕዝቡ ሁሉ እስኪያልፍ በረኛ ሆኖ ይቀር ነበር። እሁድ ከአምልኮ በኋላ ምግብ ሲቀርብ ሰልፉን እያስተናገደ፣ እያሳለፈ፣ እሱ ጋ ሲደርስ የሚቀረው የትሪው ጥግ ነው። አውቶቡስ ላይ፣ ሐኪም ቤት፣ የትም። እኔ ደግሞ እዚህ የተወለድኩ ልጅ ነኝ፤ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ የተማርኩት ተራ መጠበቅና ተራዬ ሲደርስ መግባት ነው። እጁን እየጎተትኩ፣ ደሜ እየፈላ፣ መቼ ነው እኛ የምንቀድመው እለው ነበር። እሱ ይስቃል።

ውድድሩን የወደድኩት ለዚህ ነው። ኦድቫር ሕጉን ሲያስረዳኝ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ከፍጻሜው በፊት ሦስት የማጣሪያ ዙር አለ። በየዙሩ በገባህበት ደረጃ ነጥብ ይሰጥሃል፣ የሦስቱ ይደመራል፣ ብዙ ነጥብ ያላቸው ስድስቱ ፍጻሜ ይገባሉ። ስድስቱ መኪኖች ጎን ለጎን ነው የሚነሱት፤ አንደኛው መስመር ወደ መጀመሪያው ኩርባ የቀረበው ሲሆን፣ ስድስተኛው ደግሞ ጭቃው ወደሚጠራቀምበት ዳር ነው። መስመሩን የሚመርጠው ታዲያ ብዙ ነጥብ ያገኘው ነው፤ መጀመሪያ እሱ፣ ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው። አባዬን የሚያስቀድም ሕግ ተገኘ ማለት ነው። የሒሳብ ደብተሬ ጀርባ ላይ ስድስት መስመር አሰመርኩና አንደኛው ላይ ቀይ መኪና ሳልኩ። ክፍል ውስጥም፣ ቅዳሜ አባቴ ከአንደኛው መስመር ነው የሚነሳው ብዬ ሳልጠየቅ አወጅኩ።

ቦታው ከሮመን በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ነው፣ ጫካ ውስጥ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። የእርጥብ አፈር፣ የቤንዚን፣ ፐልሰ የሚሉት የተጠበሰ ቋሊማ ሽታ ተደባልቋል። ኦድቫር ያንን ቢጫ መከላከያ ጆሮዬ ላይ ደፋልኝ። በመጀመሪያው ዙር አባዬ አንደኛ ወጣ። በሁለተኛው አንድ ሽማግሌ ቀደመው፤ ነጭ ፀጉር ያለው፣ በአባቴ አባት ዕድሜ የሚሆን ሰው ነው፣ መሪ ላይ ሲሆን ግን ለማንም አያዝንም። በሦስተኛው ዙር ሁለቱ ተያይዘው መጡና አባዬ በአንድ ክንድ ያህል ቀድሞት ገባ። እርሳሴን አውጥቼ ደመርኩ። ደግሜ ደመርኩ። አባዬ አንደኛ፣ ሽማግሌው ሁለተኛ። ኦድቫር ደብተሬን አይቶ ራሴን ዳበሰኝ።

ከፍጻሜው በፊት ስድስቱ ነጂዎች ቢጫ ሰደርያ የለበሰች ሴትዮ ዙሪያ ተሰበሰቡ። በወረቀቷ ላይ የመጀመሪያው ስም የአባዬ ነበር። “ታዴሴ” ብላ ጠራችውና የትኛውን መስመር እንደሚፈልግ ጠየቀችው። አጠገቡ ቆሜያለሁ፤ በጣቴ አንድ ቁጥር እያሳየሁት ነው። አባዬ ዞር ብሎ ሽማግሌውን አየ። ከዚያ ትንሽ ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት እጁ ወደ ሰውየው እያመለከተ፣ በዚያ በተሰባበረ የኖርዌጂያን ቋንቋው፣ በኖርስኩ፣ እሱ ይቅደም አለ።

ሽማግሌው “ታክ” ብሎ አመሰገነና አንደኛውን መስመር ወሰደ።

የአባዬ እጆች እንደተዘረጉ ቀሩ። ፊቱ ላይ ያለው ፈገግታም ገና አልወረደም፤ አንድ ነገር እንደሚጠብቅ ሰው ሰውየውን ያየዋል። ሰውየው ግን የራስ ቁሩን እያጠለቀ ነበር። ሴትዮዋ የአባዬ ተራ አለፈ ብላ ወደሚቀጥለው ሄደች። አባዬ ሊናገር አፉን ሲከፍት ቀጣይዋ ሴት ሆነች፤ ከሴት ቀድሞ ሊናገር ነው?  ከእሷ በኋላ ያሉትም እንደ መትረየስ ተከታትለው መረጡ። ለአባዬ ስድስተኛው መስመር፣ ዳር፣ ጭቃው ቀረለት። ኦድቫር መኪናው የራሱ ነውና ፊቱ ቀላ። አባዬን ሳይሆን እኔን ነው ለምን እንደዚህ አደረገ ብሎ የጠየቀኝ።  ደብተሬን አጠፍኩት።

መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ስድስቱም ሞተሮች ጮኹ። ቀይዋ መኪና ጭቃው ውስጥ ጎማዋ ተሽከረከረ፣ ተሽከረከረና ሌሎቹ ኩርባው ላይ ሲደርሱ ገና መንቀሳቀሷ ነበር። አባዬ የሚቻለውን ሁሉ አደረገ፣ ያንን ልክደው አልችልም። አንዱን ሜዳውን ለሁለተኛ ጊዜ ሲዞር፣ ሌላውን በመጨረሻው ላይ አለፈ። አራተኛ ገባ። ዋንጫ የተዘጋጀው ለሦስት ነበር። ሽማግሌው አንደኛ ወጥቶ ዋንጫውን ይዞ ሲያልፍ የአባዬን ትከሻ መታ መታ አደረገውና አባዬም እንኳን ደስ ያለህ አለው፣ ከልቡ። አንጀቴ ቅጥል አለ።

ስንመለስ የጆሮ መከላከያውን አላወለቅኩም። ሆን ብዬ ነው። የሚያወራውን መስማት አልፈለግኩም፣ እንዳልፈለግኩም እንዲያይልኝ ፈልጌያለሁ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ከዚያ ይተወዋል። ስቶቭነር ልንደርስ ስንል ቀይ መብራት ያዘን። አባዬ እጁን ሰዶ አንደኛውን ጆሮዬን ገለጠው።

“አንድ ጊዜ ብቻ፣ ‘የለም፣ አንተ ቅደም’ ቢለኝ እኮ እገባ ነበር” አለኝ።

ፊቱን አየሁት። ቀልድ አልነበረም። እዚህ አገር እንደዚያ የሚል ሰው የለም አልኩት፣ በኖርስክ፣ እንዲያመው ብዬ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። አባዬ ትንሽ ዘግይቶ ተነሳ።

“ያ” አለ በኖርስክ፣ አዎ ማለቱ ነው፣ “አሁን ገባኝ።”

ሰኞ ክፍል ውስጥ ስጠየቅ መኪናዋ ተበላሸች አልኩ። አባቴ አንደኛነቱን በእጁ አንስቶ ሰጠ ከማለት ሞተር ተቃጠለ ማለት ቀለለኝ። በዋሸሁትም አፈርኩ፣ በእሱም አፈርኩ። በበጋው መጨረሻ ኦድቫር ወገቡ ተሻለውና መሪውን መልሶ ያዘ፤ አባዬም ሁለተኛ አልነዳም።

ይኸው ዛሬ ሴንትሩም ውስጥ እሠራለሁ። በተራዬ እናገራለሁ፣ በተራዬ እወጣለሁ፣ ማንም ተራዬን ነክቶብኝ አያውቅም፤ ደህና አገር ነው፣ አላማርርም። ግን አንዳንዴ ቲባነ፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ ላይ፣ በር ጋ ለአንድ ሰው መንገድ እለቅና ታክ ብሎ ሲገባ፣ እኔ ለግማሽ ሰከንድ እዚያው እቆማለሁ። ምን እንደምጠብቅ አላውቅም ነበር። አባዬ ደግሞ ተለውጧል። አገሩ አስተምሮታል። አውቶቡስ ሲመጣ ይገባል፣ በር ይከፍትና ያልፋል፣ ቁጥሩ ሲጠራ ዘወር ብሎ ማንንም አያይም። በልጅነቴ ያለቀስኩበት ነገር ተሟልቶልኛል፣ እና ባየሁት ቁጥር አንድ ነገር ይጎድለኛል።

ቅዳሜ ዕለት የመጨረሻዎቹን ሁለት ካርቶኖች ተሸክመን አምስተኛ ፎቅ ላይ ሊፍት ስንጠብቅ ጎረቤታችን፣ አንዲት አሮጊት፣ የገበያ ጋሪያቸውን እየጎተቱ መጡ። በሩ ተከፈተ። አባዬ ቀድሞ ደርሶ ነበርና ዞር ሳይል ገባ። እኔ ለአሮጊቷ መንገድ ለቀቅኩ። “ታክ” ብለው ገቡ። ከነጋሪያቸው ቦታው ሞላ፤ ካርቶን ለያዘ ሰው የሚሆን አልተረፈም። በሚቀጥለው እመጣለሁ ብዬ ካርቶኔን እቅፍ አድርጌ ቆምኩ።

በሩ ሊዘጋ ሲል አባዬ አየኝ። እኔን ሳይሆን አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን ቢጫ ነገር ነው ያየው። እግሩን በሩ ላይ ጣል አደረገና ካርቶኑን እንደታቀፈ ወጥቶ አጠገቤ ቆመ።

“የለም፣ አንቺ ቅደሚ” አለኝ።

አሮጊቷ ጣታቸውን ቁልፉ ላይ እንዳደረጉ ያዩናል። አንዱ ቢገባ ሌላው እንደሚቀር ሁላችንም እናውቃለን። እኔም ዝም ብዬ አልገባሁም። እንደ ደንቡ አንድ ጊዜ እምቢ አልኩት።