ልጄን ማን ፈታው?

ባለቤቴ ከሞተ በኋላ እናቱ አመሻሽ ላይ የግቢውን በር መክፈት ጀመሩ። ማንም ሳያንኳኳ ከተቀመጡባት ዱካ ይነሳሉ፤ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ይሄዱና መቀርቀሪያውን ስበው በሩን ወለል አድርገው ይከፍቱታል። ትንሽ ቆመው መንገዱን ያያሉ። ከዚያ ሳይዘጉት ይመለሳሉ። የምዘጋው እኔ ነኝ።

«እማማ፣ ማን መጥቶ ነው?» እላቸዋለሁ።

«እሱ ነዋ። ቆሟል። ግባ ብለውም አይገባም።»

ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ቁልፍ በኪሱ እያለ አንኳኩቶ የሚገባ ሰው ነበር። የቁልፉን ዘለላ በቆርቆሮው በር ላይ ሸርተት ያደርገዋል፤ ድምፁ ጆሮ ይበላል። «ሰው ቁልፍ ይዞ ለምን ያንኳኳል?» ብዬ ስንት ጊዜ ተጨቃጭቄዋለሁ። «እናቴ ትክፈትልኝ፣ ደስ ይላታል» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ ቀኑን ሙሉ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው የሚጠብቁት ያችን ድምፅ ነው። እኔ መሃል ከተማ ካለችው የመጋረጃ ሱቄ ደክሞኝ ስገባማ «መጣሽ?» ብለው ዝም ነው።

አማቴ አጥባቂ ኦርቶዶክስ ናቸው። ልጃቸው በወጣትነቱ ጴንጤ ሲሆን ከቤት አባረውታል፤ ለዓመታት አልተነጋገሩም። ጉልበታቸው ሲደክም ግን ሄዶ ያመጣቸው እሱ ነው። እዚህ ባህል አዳራሽ ሰፈር፣ እኛ ግቢ፣ ጓሮ ያለችው ክፍል ገቡ። ከዚያ በኋላ ቤታችን ሁለት ሃይማኖትና ሁለት ድስት ያለው ቤት ሆነ፤ የእሳቸው የጾም ወጥ ለብቻው፣ የእኛ ለብቻው። ከጸሎት እኅቶቼ ጋር ሳሎን ተሰብስበን ድምፃችን ከፍ ሲል እሳቸው ጓሮ ሆነው ያማትባሉ። «ምነው፣ አምላካችሁ ካልተጮኸ አይሰማም?» ይሉኛል በማግስቱ። «የእናንተስ ያለ ግእዝ አይገባውም?» እላቸዋለሁ። የእኔ አፍ አያርፍም፣ እሳቸውም አይተኙልኝም፤ እንዲህ እየተነካከስን ተዋደድን። ለጸሎት ስንቀመጥ የመጀመሪያው ርእሴ ግን ሁልጊዜ እሳቸው ነበሩ። ጌታ ሆይ፣ አማቴን አድንልኝ እል ነበር፣ ከልቤ።

ባለቤቴን የወሰደው የኩላሊት በሽታ ነው። አልጋ ላይ ሆኖ ቃል አስገብቶኛል። «ለእኔ ተዝካር እንዳታወጡ። እኔ ወደ ጌታዬ ነው የምሄደው። እናቴ ብታለቅስም እንዳትሸነፊ» አለኝ። እሺ አልኩት። ለሚሄድ ሰው ሌላ ምን ይባላል?

በወንጌላውያን መቃብር ቀበርነው። ኳየሩ ዘመረ፣ ፓስተሩ ስለ ትንሣኤ ሰበከ። እውነት ለመናገር ያን ቀን ቀጥ አድርጎ ያቆመኝ ያ ዝማሬ ነው። አማቴ ግን ከሰዉ ጀርባ ቆመው ግራ ቀኝ ያያሉ፤ ቄስ ይፈልጋሉ። ሁሉም አልቆ አፈር ሲመለስ መጥተው ክንዴን ያዙኝና «ማን ፈታው?» አሉኝ።

አልገባኝም። «ምኑን እማማ?»

«ልጄን። ልጄን ማን ፈታው?»

ኋላ ነው የገባኝ። እሳቸው ባደጉበት እምነት ሰው ሲሞት ቄስ ፍትሐት ያደርስለታል፤ ነፍሱ ከእስራቷ የምትፈታው በዚያ ጸሎት ነው። ከዚያ አርባው ይወጣል፣ ድኃ ይበላል፣ ነፍስም መንገዷን ትሄዳለች። ለልጃቸው ከዚህ አንዱም አልተደረገም። ስለዚህ አልተፈታም፣ ስለዚህ የትም አልሄደም፣ በር ላይ ቆሟል። ለእሳቸው ነገሩ እንዲህ ግልጽ ነበር።

መጀመሪያ ኀዘን ነው፣ ያልፋል አልኩ። አላለፈም። በር መክፈታቸውንስ እችለው ነበር፤ ያስጨነቀኝ እህል መተዋቸው ነው። አንድ ሁለት ጉርሻ ቀምሰው እጃቸውን ይታጠባሉ። «ልጄ ውጭ ቆሞ እንዴት ይወርድልኛል?» ይላሉ። ክሊኒክ ወሰድኳቸው። በሽታ የለባቸውም፣ ብቻ ይብሉ ተባልኩ። መብላትማ እንዳለባቸው እኔም አውቃለሁ። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ ሳህኑን ፊታቸው አስቀምጬ እንደ ሕፃን እያባበልኩ ላጎርሳቸው ሞከርኩ። አይሆንም። ዓይኔ እያየ ሊያልቁብኝ ነው። ባሌን ቀብሬ ሳልጨርስ እናቱን ልቀብር ነው ብዬ ፈራሁ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ጓሮ ልብስ ሳጥብ ድምፁን እኔም ሰማሁት። ቁልፍ፣ ቆርቆሮ ላይ፣ ሸርተት። «መጣሁ» አልኩ። እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ተነሳሁ። ባሌ መሞቱ ትዝ ያለኝ በሩ ጋ ልደርስ ስል ነው። አማቴ ዱካቸው ላይ ሆነው ያዩኛል።

«ሰማሽ አይደል?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«አባ ኮዳ ነው፣ ቆርቆሮው ላይ አርፎ» አልኳቸው። እነዚያ ትልልቅ የሐይቅ ወፎች በየሰዉ ጣራ ስለሚያርፉ የሚታመን ውሸት ነበር። እሳቸው ግን ተነስተው በሩን ከፈቱ።

እኛ የተማርነው የሞተ ሰው አይመለስም ተብለን ነው። የሚመጣ ነገር ካለም በሟች ድምፅ የሚያታልል መንፈስ ነው፣ በጌታ ስም ይገሠጻል። እኔም ክፍሌ ገብቼ በሩን ቆልፌ «በኢየሱስ ስም ከዚህ ቤት ሂድ» አልኩ። ደገምኩት። ከዚያ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ማንን ነው ሂድ ያልኩት? እሱ ከሆነስ? ከገዛ ቤቱ፣ ሚስቱ፣ ያውም በጌታው ስም? እንዲህ ማሰብ እንደማይገባኝ አውቃለሁ። ማወቄ ግን ምንም አልጠቀመኝም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም ሲመሽ በር በሩን ማየት አመጣሁ።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል አሉ። እኔ ጴንጤዋ ነጠላ ተከናንቤ፣ አማቴን ደግፌ፣ የንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄድኩ። ለባሌ የገባሁትን ቃል ላፈርስ ነው። ፍትሐቱም ይደረግ፣ ተዝካሩም ይውጣ፣ እሱ ጌታው ዘንድ ነው አይቀየመኝም፣ በሕይወት ያሉትን እናቱን ላትርፍ ብዬ ነው። የጸሎት እኅቶቼ ቢሰሙ ጉዴ ስለሆነ ለማንም አልተነፈስኩም።

ቄሱ ሽማግሌ ናቸው። ከዛፍ ሥር አስቀምጠውን አማቴ የሚሉትን እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ የእጅ መስቀላቸውን እያገላበጡ «ልጅዎ ሃይማኖቱን ለውጦ ነው የሞተው። ለእሱ ፍትሐት ለማድረስ ሥርዓታችን አይፈቅድልኝም። እርስዎ ይጸልዩ፣ የእግዚአብሔር ምሕረት ብዙ ነው» አሉ። ክፋት የለባቸውም፤ እንዲያውም ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። እኔ ግን ደሜ ፈላ። «አባ፣ እናት እኮ ናቸው። እህል አልቀምስ ብለዋል። አንድ ጸሎት ማንን ይጎዳል?» አልኳቸው። ሌላም ልጨምር ስል አማቴ የነጠላዬን ጫፍ ሳብ አደረጉት።

«ተይ፣ እሳቸው ምን ያድርጉ» አሉኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ በር መክፈት ተዉ። እኔም ቢያንስ ይህ ቀረልኝ ብዬ ነበር፤ ግን ዝምታቸው ከመክፈቱ ይልቅ አስፈራኝ። ለእሳቸው ልጃቸው ከበር ላይ ሄዷል፤ ፍትሐት የማይደርስለት ሰው የት እንደሚሄድ ነው የሚያስቡት። አንድ ከሰዓት በኋላ እግራቸውን ሳጥብላቸው አላስችል አለኝና «እማማ፣ ልጅዎ ሰማይ ቤት ነው ያለው። ይመኑኝ» አልኳቸው።

«አይተሻል?»

«አላየሁም። አምናለሁ።»

«ቄሱም አላዩም። እሳቸውም ያምናሉ።» እግራቸውን ከውኃው አወጡ። «ሁለታችሁም እርግጠኛ ናችሁ። ልጁ ግን የእኔ ነው።»

እግራቸውን አድርቄ ጫማቸውን አደረግኩላቸው።

አንድ እሁድ ለአምልኮ ስወጣ ነጭ ለብሰው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው በረንዳው ላይ ቆመው አገኘኋቸው። «ዛሬ ካንቺ ጋ ነኝ» አሉኝ። ልቤ ዘለለች። ጠይቄ እንዳላበላሸው ፈርቼ ምንም ሳልናገር ባጃጅ ጠራሁ።

አዳራሹ ሞልቷል። ስፒከሩ ሲጮህ ፊታቸውን ቢያጨፈግጉም ከጎኔ ንቅንቅ አላሉም። ስብከቱ አልቆ «ጌታን መቀበል የሚፈልግ ወደ ፊት ይምጣ» ሲባል ምርኩዛቸው ሲሚንቶው ላይ ኳ አለ። ተነስተዋል። ሰው እየተነሳ መንገድ ለቀቀላቸው። መድረኩ ሥር ሲደርሱ እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱና ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ወልቃ የማታውቀውን ማተባቸውን አወለቁ፤ በመዳፋቸው ጨበጧት። ማንም አውልቁ አላላቸውም። ፓስተሩ ያስደገማቸውን ጸሎት ቃል በቃል ደገሙ። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። የጸሎት እኅቶቼ «ጸሎትሽ ተሰማ» እያሉ አንገቴ ላይ ተጠምጥመው ያለቅሳሉ። እኔም እልል አልኩ። እንደዚያ ቀን ጮክ ብዬ እልል ብዬ አላውቅም።

ባጃጅ ውስጥ እጃቸውን ይዤ «እማማ፣ እንኳን ደስ አለዎት። አሁን ሰላም አገኙ?» አልኳቸው።

«አዎ፣ አሁን አረፍኩ» አሉ። መንገዱን እያዩ ነው የሚናገሩት። «ያንቺ እውነት ከሆነ ልጄ ገነት ነው፤ እዚያ አገኘዋለሁ። የቄሱ እውነት ከሆነ ደግሞ ዛሬ እኔም እንደ እሱ ሆኛለሁ፤ እሱ ካለበት ይከቱኛል። እሳትም ቢሆን ብቻውን አይሆንም።»

ባጃጁ ወደ ሰፈራችን ሲታጠፍ «ቤት ምን አለ? ርቦኛል» አሉኝ።

ያን ቀን የቀረበላቸውን ጠርገው በሉ። አሁንም ይበላሉ፣ ፊታቸው ተመልሷል። እሁድ እሁድ አብረን እንሄዳለን፤ መዝሙር ላይ ያጨበጭባሉ፤ ወጣቶቹ የእምነት እናት ይሏቸዋል። ጌታ እንዲህ አይደለም፣ ማንም ብቻውን አልቀረም ብዬ ላስረዳቸው ደጋግሜ ሞክሬያለሁ። «ይሁን ልጄ፣ ይሁን» ይሉኛል። ባሌ ጌታው ዘንድ እንዳለ አምናለሁ፣ እንደማገኘውም ተስፋ አደርጋለሁ። ግን እናቱ የወደዱትን ያህል እወደው ነበር ወይ ብዬ ራሴን ስጠይቅ ፍርሃት ይይዘኛል። እኔ የምከተለው መድረሻውን አውቄ ነው። እሳቸው ሳያውቁ ነው የተከተሉት።

ፓስተሩ የአማቴን መዳን ወጥቼ እንድመሰክር ጠይቆኛል። አንዴ ጉንፋን ያዘኝ ብዬ፣ አንዴ ሱቅ ሰው የለኝም ብዬ አለፍኩት። አሁን ሰበብ አልቆብኛል። ምን ብዬ ልመስክር? እግዚአብሔርን የሚፈሩ አንዲት እናት ልጃቸውን ብቻውን ላለመተው ሲሉ ገሃነምንም እሺ አሉ፣ እኛም እልል አልንላቸው ልበል?