ኢሽቤልና የወጉ ዘንግ

ኢሽቤል የሞቱትን የርስቱን ጌታ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ሰባብራ ምድጃ ውስጥ ከተተችው ይባላል። በመንደራችን ይህን ያልሰማ ካለ ትናንት የገባ እንግዳ ነው። ውሸት ነው! ዘንጉ ዛሬም ወንዙ ዳር ባለችው ጎጆ ግድግዳ ላይ አለ፤ ርዝመቱ ሁለት ሰው ተኩል ይሆናል። የተሰበረ ነገር ካለ የርስቱ ሥራ አስኪያጅ የቶርኲል ቅስም ነው።

ኢሽቤል በዚህ የስኮትላንድ ወንዝ ሳልመን የሚባለውን ዓሣ ሊያጠምዱ የሚመጡ እንግዶችን መምራት ከጀመረች ሠላሳ ዓመቷ ነው፤ ሌላ ሥራ አታውቅም። የርስቱ ወግ ደግሞ እንግዳ በመጀመሪያው ቀን የሚይዘው ያንን ረጅም ዘንግ ነው ይላል። በረዶው ቀልጦ ወንዙ ሲያጓራስ ይሁን፤ መንጠቆ ላይ ከላባ የተሠራችውን ከባድ የማታለያ ዝንብ ማዶ የሚያደርሳት እሱ ነው። ጠቡ የተነሣ ቀን ግን ሐምሌ ነበር፤ በእኛ አገር ሐምሌ በጋ ነው፤ ውሃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፣ ጠጠሩ ይቆጠራል። ኢሽቤል ለእንግዳዋ አጭሩንና ቀጭኑን አቀበለቻት።

«ወይዘሮ ኢሽቤል፣ ኧረ ወጉ ይከበር!» አላት ቶርኲል።

«በዚህ ውሃ ላይ ያን ግንድ ብታወናጭፍ ዓሣው ባሕር እስኪደርስ አይቆምም። ወጉን ለዓሣው ነግረኸዋል?»

«ወይ ትልቁን ይስጧት፣ ወይ የጎጆውን ቁልፍ ያስረክቡኝ።»

«እንካ!» ቁልፉን ወርውራለት ሄደች።

ሄደች ስል ሩቅ እንዳይመስላችሁ። በአገራችን ዓሣው ባለቤት አለው፤ ወንዝ ዳር መቀመጥ ግን የማንም መብት ነው። ማግሥቱን ማዶ ድንጋይ ላይ ተሰይማ ሳንድዊቿን እየገመጠች፣ ቶርኲል በየቀኑ ለአዲስ እንግዳ የሚያስይዘው ትልቁ ዘንግ ክሩን ውሃው ላይ ባጮኸ ቁጥር «ቧ! ይኼኛው ደግሞ ስንቱን ቀሰቀሰ?» ትል ጀመር። አራት ቀን ሙሉ አንድም ዓሣ አልተያዘም። በአምስተኛው ቀን እንግዶቹ ዘንግ ሲያነሱ መጀመሪያ ወደ ማዶ ያያሉ፤ እሷ ራሷን ከነቀነቀች መልሰው ይሰቅሉታል።

ቶርኲል ይህን ሲያይ ጫማው በቅጡ እንኳ ሳይርስ ወንዙን ተሻገረ። እንግዶቹ ቆመው ያያሉ።

«እሺ፣ ይመለሱ። ቁልፉም ይኸው። የመጀመሪያዋን ቀን ብቻ ለወጉ ይተዉልኝ።»

ኢሽቤል ከቀሚሷ ላይ ፍርፋሪ አራገፈች። ቁልፉን አላየችውም።

«አንተ ልጅ፣ ወጉን ይዘህ ውሃው ጉልበትህ ሲደርስ ና።»