ያጠብኩት እርሾ

ካዛንቺስ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ኩሽናዬ እርሾ እርሾ ይሸታል። ልጄ ጠርሙሱን ከፍታ አሸተተችና አፍንጫዋን ያዘች። "እማዬ፣ ይሄ ነገር ተበላሽቷል። ልጠበው?"

እኔ በሷ ዕድሜ ሳልጠይቅ ነበር ያጠብኩት።

እናቴ ዳቦ በጋገረች ቁጥር ለሚቀጥለው እርሾ እንዲሆን ከሊጡ ትንሽ በሳህን ታስቀር ነበር። ለገብርኤል ዋዜማ ቤት ሳጸዳ፣ ሞያ የሠራሁ መስሎኝ ያንን ሳህን ፈግፍጌ አጠብኩና ደፋሁት። ዱቄቱ ተነፍቷል፤ ኮባው ተዘጋጅቷል። እናቴ ሳህኑን አየችው። ሳትቆጣኝ ነጠላዋን አነሳችና "ነይ" አለችኝ።

የሄድነው እትዬ አስካለ ቤት ነው። እትዬ አስካለ የግቢያችን ሰው ናቸው፤ በጋራ ቧንቧችን ተራ ከተጣሉ ወዲህ ግን ከእናቴ ጋር ሰላምታም የላቸው።

"ይቺ ልጅ እርሾዬን አጥባ ደፋችብኝ" አለች እናቴ፣ መሬት መሬቱን እያየች።

እትዬ አስካለ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አዩ። "ታዲያ ምን ያሽኮረምምሻል? ካንቺው አይደል የወሰድኩት!" ብለው ጓዳ ገቡ።

እርሾውን በኩባያ ይዘው ተመለሱ። ከዚያ ሁለቱ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ እኔ ቆሜ ደከመኝ።

እናቴ ቤት ገብታ ሊጡን እያሸች፣ "እንኳንም አጠብሽው" አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም፤ ከዱላ በመትረፌ ብቻ ደስ አለኝ።

ጠርሙሱን ከልጄ እጅ ተቀበልኩና ትንሽ በኩባያ ቀነስኩ። ፊት ለፊታችን ካለው ቤት የገባችውን ሴትዮ ሦስት ወር ሙሉ ሊፍት ውስጥ አንገቴን ከመነቅነቅ በቀር አላናገርኳትም።

"ነይ" አልኳት ልጄን።