በፊርማ የተዋስኩት ጋዋን

የቀድሞ ትምህርት ቤቴ የንብረት ክፍል ኃላፊ የነበሩት ጋሼ ማረፋቸውን በስልክ የሰማሁት ከአገሬ ከጎጃም ርቄ በምኖርባት በማንኩሽ ከተማ፣ ከቅዳሴ ስመለስ ነው። "ነፍስ ይማር" አልኩና መንገድ ዳር ተቀመጥኩ።

አሶሳ በአንድ ትምህርት ቤት ስንሠራ፣ ጋሼ ያለ ፊርማ አንዲት ጠመኔ አይሰጡም ነበር። በዚያ ሙቀት ግራጫ ጋዋናቸውን እስከ አንገታቸው ይቆልፋሉ። ለዓመቱ መዝጊያ መምህራኑ አንድ የቆየ ኮሜዲ ሲያዘጋጁ፣ ሁሉም የሚያላግጥበትን ሥርዓት አክባሪ የጌቶች ቤት አዛዥ ገጸ ባሕርይ እሳቸውን አስመሰሉት። ጋዋኑን እንድዋስ የላኩት እኔን ነው፤ ጋሼ ያምኑኝ ነበር። የሚሳቀው በእሳቸው መሆኑን አልነገርኳቸውም።

"ለቲያትር ከሆነማ ደስ ይለኛል። ፈርመሽ ውሰጂ ልጄ፣ አዝራሩን አደራ" አሉኝ።

ተዋናዩ ጋዋኑን ለብሶ ሲወጣ ተመልካቹ "ጋሼ፣ ለመሳቅም እንፈርም?" እያለ ጮኸ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። እሳቸው ከኋላ ተቀምጠው ነበር፤ ዞሬ ለማየት ግን አልደፈርኩም። በማግስቱ ጋዋኑን ስመልስ አዝራሮቹን አንድ በአንድ አዩና "ተሟልቷል" ብለው ፊርማዬን ሰረዙልኝ።

ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ፤ ጋሼን ግን ይቅርታ ሳልጠይቅ ቀረሁ። ያን ቀን ከኋላ የተቀመጣችሁ፣ እባካችሁ ሳትደብቁ ንገሩኝ፤ ጋሼ ስቀው ነበር?