ሐይቁ የተዘጋበት ዓመት

እኔ መርካቶ ተወልጄ መርካቶ ያደግሁ፣ መዋኘት የማልችል፣ በዕድሜዬ አንድ ቀን ብቻ ጀልባ ላይ የወጣሁ ሴት ነኝ። የምሸጠው ግን የዓሣ መረብ ነው። ከሶማሌ ተራ ወረድ ብሎ ያለውን ሱቅ የከፈተው አባቴ ነበር። አዲስ አበባ ሐይቅ እንደሌላት የሚያውቅ ሁሉ በበራችን ሲያልፍ አንድ ቀልድ ጣል ሳያደርግ አያልፍም። «ክረምት ሲገባ እዚሁ አስፋልቱ ላይ ነው የምታጠምዱት?» ይሉናል። አባቴ ይስቅላቸው ነበር፤ እኔ አልስቅም። ቀልደኛ ሰው ዕቃ አይገዛም።

መረብ የሚገዛ ሰው ዝም ብሎ ነው የሚገባው። መረቡን ከተሰቀለበት ሳብ ያደርግና ጣቶቹን አጋጥሞ በመረቡ ዓይን ውስጥ ይሰዳል። መለኪያችን ጣት ነው። ፋብሪካው ልኩን በቁጥር ይጽፍበታል፣ ማንም አያነበውም። አራት ጣት የሚያስገባ መረብ ቆሮሶ ከሚባለው ዓሣ ትልቁን ይይዛል፣ ትንሹን ያሳልፋል፤ ያመለጠው ደግሞ አድጎ ይራባል። በአባቴ ጊዜ ከአራት ጣት በታች የሆነ መረብ ሱቃችን አይገባም ነበር። እየቆየ ገዢው ሦስት ተኩል ማለት ጀመረ፣ ከዚያ ሦስት አለ፤ ሱቁን እኔ ስረከብ ሁለት ጣት የሚፈልግ መጣ። ሐይቁን ሳላየው ያወቅሁት በዚህ ነው። ጥናት የሚባል ነገር አንብቤ አላውቅም። ሰዎች መረቡ ውስጥ የሚሰዱትን ጣት ብቻ እቆጥር ነበር።

ከደንበኞቻችን ሁሉ የቆዩት ከስምጥ ሸለቆው ሐይቅ የሚመጡ አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ልጄ ይሉኛል። በዓመት ሁለቴ ሲመጡ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ቆሮሶ ይዘው ነበር፤ አንዱ ብቻ መጥበሻችንን ሞልቶ ጭራው ይተርፍ ነበር። አንድ ዓመት ግን ባዶ እጃቸውን መጡ። «መንገድ ላይ እንዳይበላሽ ብዬ ነው» አሉ። ይህን የሚሉት መንገዱ አስፋልት ሆኖ የጉዞው ሰዓት በግማሽ ካጠረ በኋላ ነው። እናቴ ወዲያው ገባት። «ትንሽ ሆኖባቸው አፍረው ነው» አለችኝ፤ ከዚያ ወዲያ ጋሼ ዓሣ ይዘው መጥተው አያውቁም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በነሐሴ መጡና ዝናቡን ከጋቢያቸው ላይ ሳያራግፉ «ሐይቁን ልንመጥነው ነው» አሉኝ። የአጥማጆቹ ማህበር ሊቀ መንበር ሆነው ተመርጠው ነበር። ባለሙያዎች መጥተው አጥንተዋል፤ ከእንግዲህ በዓመት ከሐይቁ የሚወጣው ቆሮሶ በክብደት ይገደባል። እያንዳንዱ ጀልባ ያመጣው ዳር ላይ በሚተከለው ሚዛን ይመዘናል፣ ድምሩ ከገደቡ ሲደርስ ሐይቁ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይዘጋል። «ሦስት ዓመት ብቻ ይህን ብንይዝ ዓሣው ይመለሳል፤ እኔ ባልደርስበት ልጆቼ ይደርሱበታል» አሉ። አጥማጆቹ እንደሚምሉ፣ መረብ ነጋዴ ጠባብ መረብ አልሸጥም ብሎ ካልማለ ግን ሁሉም ከንቱ እንደሆነ ነገሩኝ። የመርካቶን መረብ ነጋዴዎች ሁሉ ዞረው ጠየቁ። ለመሐላው ስብሰባ ወደ ሐይቁ የሄድኩት እኔ ብቻ ነኝ።

በደረስኩ ማግስት፣ ከስብሰባው በፊት ጋሼ በጀልባ ይዘውኝ ወጡ። የጀልባውን ጠርዝ ሙጭጭ አድርጌ ይዤ እሳቸው መረብ ሲጎትቱ አየሁ። የወጡት ዓሦች ከመዳፌ አይበልጡም። አንዷን ይዘው ሆዷን አሳዩኝ፤ እንቁላል ይዛ ነበር። «አየሽ፣ ሳያድጉ መውለድ ለመዱ» አሉና መልሰው ጣሏት። ስለ ሐይቁ ያለቀስኩት ያን ቀን ነው፤ ንፋሱ ነው ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ።

ስብሰባው በቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ጋሼ ሲከፍቱ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ብለው፣ እኛ ግን ገና ድስቱን እንዳልጣድን አስረዱ። አጥማጆቹ ተራ በተራ ቄሱ በያዙት መስቀል ማሉ። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ ጋሼ «አንቺ በሃይማኖትሽ» አሉኝ፤ ተነሥቼ «ወላሂ፣ ከሦስት ጣት በታች የሆነ መረብ አልሸጥም» አልኩ። አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበልኝ። ደስ አለኝ፤ ይህን አልክድም።

ከዚያ ሐይቁን ካጠኑት አንዱ፣ ወጣት ባለሙያ፣ ወረቀቱን ዘርግቶ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፦ «ዓመቱ ከመቼ እስከ መቼ ይሁን?»

ከኋላ አንዱ «ዓመት በመስከረም ካልጀመረ በምን ሊጀምር ነው?» አለና ሰው ሁሉ ሳቀ። ተጨበጨበ፣ ተጻፈ፣ አለቀ። የሚዛኑን ቤት ቁልፍ ማን ይያዝ የሚለው ግን ከአንድ ሰዓት በላይ አጨቃጨቀ።

ያን ጊዜ መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ቤተሰባችን የሚጾመው ረመዳንን ነው፣ ንግዳችን ግን የሚኖረው በሁዳዴ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለቄሶቹ ትቼ፣ ከተማው እንደሚበላ ግን በሱቄ አውቃለሁ። መረብ የሚሸጠው በጥር ነው፤ ሁዳዴ ሲገባ ሆቴሉም ምግብ ቤቱም ዓሣ የሚጭነው የበረዶ መኪናም ወደ ሐይቁ ይዞራል። ገደቡ በመስከረም ተጀምሮ ከጾሙ በፊት ቢሞላ ምን ይሆናል? ጥያቄው እዚያው አዳራሹ ውስጥ መጥቶብኝ ነበር። እንግዳ ነኝ፣ ሴት ነኝ፣ ነጋዴ ነኝ፣ ደግሞ ለሽያጭዋ ብላ ነው ይሉኛል ብዬ ዋጥሁት። የጭብጨባው ሙቀትም ገና አልወጣልኝም ነበር።

እነሱስ ቢሆኑ ሁዳዴ መቼ እንደሚገባ ጠፍቷቸው ነው? የሚጾሙት እነሱ ናቸው። ግን ዓመት ሲባል ሁሉም ያሰበው እንቁጣጣሽን ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

መስከረም ጠባና ሱቄ ተጨናነቀ። በጥር የለመድኩትን ሰልፍ በጥቅምት አየሁት። ገደቡ የሁሉም ስለነበር የማንም አልነበረም፤ ለእያንዳንዱ ጀልባ ድርሻ አልተቆረጠለትም። ከአንድ መሶብ የሚበሉ ወንድማማቾች እንኳ ወጡ ትንሽ መሆኑን ካወቁ ቀስ ብሎ የሚያኝክ የለም። የሚገዙት ሁሉ ባለ ሦስት ጣት መረብ ነው፣ ከመሐላዬ ውጪ የሆነ አንድም አልሸጥኩም። ሱቁን አብሮኝ የሚሠራው ታናሽ ወንድሜ ደስታውን አልቻለውም። «ገደብ ማለት እንዲህ ከሆነማ በየወሩ ይገድቡልን» ይለኝ ነበር።

ጋሼ ይደውሉልኝ ነበር። ወጣቶቹ አጥማጆች ከጠዋት እስከ ማታ ሐይቁ ላይ ናቸው፤ የሚገዛ ጠፍቶ ዓሣው ዳር ላይ ይሸታል፣ በፍስክ ዓሣ የሚያምረው ሰው ጥቂት ነው። ቢሆንም ተመዝኗልና ከገደቡ ተቀንሷል። «ታዲያ ዝም ይላሉ?» አልኳቸው። «በሕጉ መሠረት ነው ልጄ፣ እየተመዘነ ነው፤ ምን ብዬ ልቆጣ?» አሉኝ። እሳቸው እንደ ድሮው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የሚወጡት። መጥነን እናውጣ ያለ ሰው ተሻምቶ አይታይም ብለው።

ጥምቀት ሳይደርስ ገደቡ ሞላ። ጀልባዎቹ ወደ ደረቅ ወጥተው በሰንሰለት ታሰሩ፣ ሐይቁ ተዘጋ። ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

በመጀመሪያው ሳምንት ሱቄ የገቡት ሰዎች ጣታቸውን መረብ ውስጥ አልሰደዱም። ቀጭኑን፣ ውሃ ውስጥ የማይታየውን፣ ባለ ሁለት ጣቱን ነው የሚፈልጉት። ገና ሳይነጋ ጥሎ ቶሎ ማንሣት፣ ሚዛኑ ጋ ሳይደርሱ ለበረዶ መኪናው ማስረከብ ነው ሥራው። የለም አልኳቸው። ከጎን ካለው ሱቅ ገዝተው በደጄ ሲያልፉ እያየሁ ተቀመጥኩ። ከመካከላቸው በመስቀሉ ሲምሉ ያየኋቸው ነበሩ፤ አንገታቸውን ደፍተው ነው የሚያልፉት።

ወንድሜ ቀኑን ሙሉ ይነዘንዘኛል። «አንቺ፣ ጤና የለሽም እንዴ? ገበያው ደጃፍሽ ድረስ መጥቶ ትመልሺዋለሽ? አንቺ ባትሸጪ ዓሣው ይተርፋል ብለሽ ነው?» ይላል። እኔ ባለ ሦስት ጣቱን አውርጄ እንደገና እሰቅላለሁ። እልኸኛ የሆንኩ ይመስለው ነበር፤ እኔም ራሴን የምጠይቀው ያንኑ ነበር።

ጋሼ የመጡት በጾሙ እኩሌታ ነው። በዚያ ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ ገጥመው ስለነበር ሁለታችንም ጾመኞች ነበርን፣ ሻይ እንኳ ላዝላቸው አልቻልኩም። የመረብ ጥቅል ላይ ተቀመጡ። ከስተው ነበር። ስለ እናቴ ጤና ጠየቁ፣ የአባቴን ነፍስ ይማር አሉ፣ ከዚያ መሬት መሬት እያዩ «ባለ ሁለት ጣት አንድ አውጪልኝ» አሉ።

ሊፈትኑኝ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

«ጋሼ፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ ያስማሉኝ?»

«እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያ የሆነውን ቀስ እያሉ ነገሩኝ። ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው ተደብቀው ሲያጠምዱ ደርሰውባቸዋል። ሊቀ መንበር ናቸውና የልጆቻቸውን መረብ ዳር ላይ አውጥተው፣ ማህበርተኛው ሁሉ እያየ ራሳቸው ክብሪት ጭረው አቃጠሉት። ሌላውም አይቶ የየራሱን ያወጣል ብለው ነበር። ሰው አመሰገናቸው፣ ጎበዝ አባት ነዎት አለ፣ ወደየቤቱ ሄደ፣ ሊነጋ ሲል መረቡን ይዞ ወጣ። የተቃጠለው የእሳቸው ልጆች መረብ ብቻ ሆኖ ቀረ። ልጆቹ ከዚያ ወዲህ አያናግሯቸውም፣ የልጅ ልጆቻቸውንም ደጃቸው አያደርሱም።

«ሐይቁንም አላዳንኩት፣ ልጆቼንም አጣሁ» አሉ። «ሐይቁስ እኛ ብንተወውም በሌላ ሰው እጅ ያልቃል። ያቃጠልኩትን ልተካላቸው።»

«እኔ ግን ምያለሁ» አልኩ።

«ያስማልኩሽ እኔ ነኝ፤ ፈትቼሻለሁ።»

ወላሂ ግን በሰው አፍ አይፈታም፣ ይህን እሳቸውም ያውቁታል። ብከለክላቸው ከጎን ሱቅ ገብተው እንደሚገዙ አውቄ ነበር። አባቴን የሚያውቁ ሽማግሌ እንደነዚያ አንገታቸውን ደፍተው በደጄ ሲያልፉ ማየቱን አልቻልኩትም። ለወንድሜ ምልክት ሰጠሁት፤ ከጎረቤት ተበድሮ አመጣው። ጋሼ መረቡን አልመረመሩም፣ በጋቢያቸው ሥር ሸሽገው ወጡ።

ሃይማኖቴ መሐላ ላፈረሰ ሰው ማካካሻ አበጅቶለታል፣ አሥር ድሀ ማብላት ነው። በሦስተኛው ቀን ለአፍጥር መስጊዱ ደጃፍ አሥር ሰው አበላሁ፤ በሉ፣ መረቁኝ። ለመሐላዬ ይህን አደረግሁ። ለዚያች እንቁላል ይዛ ለተመለሰችው ዓሣ ግን ማካካሻው ምን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። አንዴ ከሸጥሁ በኋላ ደግሞ ለሌላው ምን ብዬ እከለክላለሁ? ባለ ሁለት ጣቱ አሁን ከሱቄ አይጠፋም።

ክረምቱ ሳይወጣ ለወጣቱ ባለሙያ ደወልኩለት። ያን ቀን የዋጥኩትን በሙሉ ነገርኩት፤ የገደቡ ግማሽ ለጾሙ ይቀመጥ፣ ለየጀልባው ድርሻ ይቆረጥ አልኩት። በትሕትና አዳመጠኝና «ጥሩ ሐሳብ ነው፣ በጽሑፍ ያስገቡልን» አለኝ። ጽፌ አስገባሁ፣ ማኅተም ተመትቶበት ቀሪው ተሰጠኝ። መስከረም ላይ ገደቡ እንደ አምናው፣ በዚያው ክብደት፣ ከመስከረም እስከ መስከረም ተብሎ ታወጀ።

በዚያ ሁለተኛ ዓመት ማንም አልተሻማም። ጥምቀት አለፈ፣ ሁዳዴ ገብቶ ወጣ፣ ክረምት መጣ፤ ሐይቁ አንድ ቀን እንኳ አልተዘጋም። ይህን ስሰማ ሰዎቹ ልብ ገዝተው ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ፣ ለወንድሜም በኩራት ነገርኩት።

ጳጉሜን ላይ ጋሼ ደወሉ። መረቡን ሸሽገው ከወጡበት ቀን ወዲህ ድምፃቸውን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ማህበሩ በስብሰባ ላይ የምስክር ወረቀት ተሰጥቶት ነበር፤ ገደቡን ሳያልፍ ዓመቱን የጨረሰ ተብሎ። ከገደቡ ምን ያህል ተረፈ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ከግማሽ በላይ» አሉኝ። «ወጥተን ነበር ልጄ። ሁላችንም ዓመቱን ሙሉ ወጥተናል። ዓሣው ግን የለም።»

«ታዲያ ወረቀቱን ሲሰጧችሁ ምን ሆነ?» አልኳቸው።

«አጨበጨቡልን» አሉ። «እኛም ተነሥተን አጨበጨብን።»